ስም ያለው ወቀሳ

ወይዘሮ ደመቀች መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሱቅ ሲገቡ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረውን ደራርቱን ማሽኑ ጥግ ቆማ አገኟት። ደራርቱ ከጊዳ አያና ወረዳ የመጣች ልጅ ናት፤ ከተማው ዳር ባለ ኮሌጅ ሕግ ታጠናለች። ገና እንዳየቻቸው ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ሰብስባ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ደመቀች?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ነጋ፣ ኢንታላ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ። ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የትምህርት ቤት ነገር ነው። ለጊዜው ላሳይዎት አልችልም።»

ያቺ «አልችልም» የምትል ቃል ወይዘሮ ደመቀችን እስከ ቤታቸው ተከተለቻቸው።

ወረቀት የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ ገና ሙሽራ ሳሉ፣ አስተማሪ የነበሩት ባለቤታቸው ጫንያለው አንድ ማለዳ ተወስደው በዚያው ቀሩ። ማን እንደጠቆማቸው ዛሬም አይታወቅም። በቅርብ ዓመታትም የገጠሩ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ማን ምን ይዞ እንደሚዞር መጠርጠር የከተማው ሰው ልማድ ሆኗል። ስለዚህ ወይዘሮ ደመቀች የልጅቷን ክፍል በዓይናቸው መጠበቅ ያዙ። እንግዳ ሲመጣ ልብስ የሚያሰጡ መስለው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ከውስጥ ሳቅ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ግን ልባቸው አብሮ ይወርዳል። ለቀበሌ ልንገር ወይስ ዝም ብዬ ላስለቅቃት እያሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ወጣት ፊቱን አጨማዶ መጣና የደራርቱን በር ከኋላው ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ «ይህ ከወጣማ አለቀልኝ» ሲል ተሰማ። ወይዘሮ ደመቀች ከዚያ በላይ አልታገሡም፤ አንኳኩተው ገቡ።

«ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቤቱ የኔ ነው። የምታደርጉትን ንገሩኝ፤ አለዚያ፣ ደራርቱ፣ በወሩ መጨረሻ ክፍሉን ልቀቂልኝ።»

ደራርቱ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። «ይቀመጡ፣ አዴ። ይህ ኢዮስያስ ይባላል፤ የሕግ ተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነው። እኔ ደግሞ የተማሪዎቹ መጽሔት አዘጋጅ ነኝ። የሥልጣን ጊዜው ጥቅምት ላይ አልፏል፤ ይኸው መጋቢት ደረሰ፣ ምርጫ አልጠራም። እሱን ነው የጻፍኩት።»

«በዚህ ልጅ ላይ? እሱ እዚሁ ተቀምጦ?»

«እንዲያነበው ብዬ ነው የጠራሁት። መጽሔታችን ደንብ አለው። የተወቀሰ ሰው ጽሑፉን ከሌላ ሰው በፊት ያነባል፤ መልስ ካለውም እዚያው እትም ላይ ይወጣለታል። የዚያን ዕለት የደበቅሁብዎት ለዚህ ነው።»

ወይዘሮ ደመቀች ፊታቸው አልተፈታም። ደንብ አለን የሚሉ ሰዎች ያደረጉትን ሁሉ ኖረው አይተዋል።

«ሕግ ልትማሪ መጥተሻል፤ ተምረሽ ውጪ። አለቃ መውቀስ ምን ያደርግልሻል? ደግሞስ ከኋላችሁ ማን አለ? ማነው የሚያጽፋችሁ?»

«ማንም የለም። ከጽሑፉ ሥር ስሜ አለ። ስም የሌለው ጽሑፍ አንቀበልም።»

«ስምሽን ጽፈሽ?» አሉ ደንገጥ ብለው። «እንግዲያውስ የባሰ ነው። ለመያዝ አመቻችተሽ ራስሽን ሰጠሽ ማለት ነው።»

ኢዮስያስ ቀበል አደረገ። «እማማ እውነታቸውን ነው። ምርጫውን ያዘገየሁት የቤተ መጻሕፍቱን ጉዳይ ከዳር ላድርስ ብዬ ነው። ይህ ሲወጣ ግን ተማሪው ሁሉ ሥልጣን ወዳድ ይለኛል። ውስጥ ለውስጥ ተነጋግረን ብንጨርሰው ምን ነበረበት?»

«ውስጥ ለውስጥማ እየተወራ ነው» አለችው ደራርቱ። «ካፌ ውስጥ የሚባለውን ልንገርህ? አንዱ ከአስተዳደሩ ጋር ተሞዳሙዶ ነው ይላል። ሌላው ወንበሩን ለብሔሩ ልጆች ሊያወርስ ነው ይላል። እኔ የጻፍኩት ጊዜህ ማለፉን ብቻ ነው፤ ምክንያትህን አልገመትኩልህም። የትኛው ነው የሚጎዳህ?»

ኢዮስያስ የብሔሩን ወሬ አልሰማም ነበር። ጽሑፉን አንሥቶ እንደገና ማንበብ ጀመረ።

ደራርቱ ወደ ወይዘሮ ደመቀች ዞረች። «እኛ ሰፈር፣ አዴ፣ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ከአንድ ወንዝ ቀድተን ያደግን ነን። መተያየት ያቆምነው ጥይት ሳይሰማ በፊት ነው። እነ እገሌ ሊያጠፏችሁ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ማን እንዳለው አልታወቀም፤ ቢዋሽ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። እኔ ስሜን የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ከተሳሳትኩ ሰው መጥቶ እንዲጠይቀኝ ነው።»

ወይዘሮ ደመቀች ባለቤታቸውን አሰቡ። ጫንያለውን የወሰዳቸው ስም ያለው ጽሑፍ አልነበረም። የጠቆመው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ይህን አድርጓል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ባለቤታቸው የሚመልሱት ነበራቸው። ሲፈሩት የኖሩት ወረቀቱን ነው፤ የጎዳቸው ግን ፊት የሌለው ወሬ ነው። እሳቸውም ቀበሌ ሄደው ሊያደርጉ ያሰቡት ያንኑ ነበር።

«ልጄ» አሉት ኢዮስያስን፣ «በደርግ ጊዜ በጥቆማ የተወሰደው ባለቤቴ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አላገኘም። አንተ ገጽ ተሰጥቶሃል። ጻፍ እንጂ።»

ኢዮስያስ ጻፈ። ምርጫው መዘግየቱን አመነ፣ ያልሠራውን ካደ፣ የምርጫውንም ቀን ቆረጠ። ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ማኅተሙንም ለተካው ልጅ በገዛ እጁ አስረከበ። መጽሔቱን ሁሉም አንብቦት ስለነበር የካፌው ሹክሹክታ ሰሚ አጣ። ነገ ዳኛና ጠበቃ የሚሆኑት እነዚህ ልጆች፣ ሥልጣን ማብቂያ ቀን እንዳለው፣ ተከሳሽም መሰማት እንዳለበት፣ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገዛ ሕይወታቸው ተማሩት።

ወይዘሮ ደመቀችም ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ። የእድራቸው ዳኛ አቶ ማዘንጊያ ምርጫ ሳይደረግ ብዙ ዓመት ቆይተዋል፤ ሰው በየጓዳው ያማቸዋል፣ ስብሰባ ላይ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ወይዘሮዋ ተነሡ።

«አቶ ማዘንጊያ፣ ይህን የምለው እኔ ደመቀች ነኝ። እድራችን ምርጫ ማድረግ ከተወ ቆየ። ወንበሩን ርስት አደረጉት እየተባሉ ይታማሉ፤ እኔም አምቼዎታለሁ። ዛሬ በፊትዎ ብያለሁና ይመልሱልኝ።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አቶ ማዘንጊያ ይቆጣሉ ሲባል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እህቴ ደመቀች፣ እንደምታማ አውቃለሁ። ማን እንደሚያማኝ ግን ስለማላውቅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እያንዳንዳችሁን እየጠረጠርኩ ነው ለቅሷችሁን የደረስኩት። ዛሬ ያንቺን አወቅሁ። የቀራችሁም ተናገሩና እኔም ልረፍ።»

ከጥግ አንድ ሰው እጁን አወጣ፤ ቀጥሎም ሌላ። ስብሰባው ሲበተን ምርጫው ለግንቦት ተቀጥሮ ነበር፤ አቶ ማዘንጊያና ወይዘሮ ደመቀችም በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው፣ እየተጨዋወቱ ወደ ሰፈራቸው ሄዱ።