የሀራሙስ ብርድ

ወይንሸት እዚህ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋቢ እንዳውሳት ለመነችኝ። በዚህ እሳት ጋቢ ምን ያደርግልሻል አልኳት። «አሠሪዎቼ ለእረፍት ሄደዋል። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ አገሬ በርዶኝ ልከናነብ» አለች። ያለኝ ጋቢ እናቴ የፈተለችው ነው፤ ለመገነዣዬ ብዬ ሣጥን ውስጥ ካኖርኩት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህንኑ ስነግራት «እትዬ፣ ሬሳ መች ይበርደዋል?» አለችኝ። ባለጌ ብዬ ሰደብኳት። አገር ናፈቀኝ እያሉ ለሚያላዝኑ ሰዎች ትዕግሥት የለኝም። ቢሆንም ጋቢውን ከቤቴ ይዤ አሠሪዎቿ ቤት ድረስ ተከተልኳት።

ክፍሉ እንደ ሐምሌ ማለዳ ቀዝቅዞ ነበር። አንዱን ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ ጉልበቴን ይቆረጥመኝ ጀመር። «ላጥፋው እንዴ፣ እትዬ?» አለች። «ተይው። ወደዚህ ጠጋ በይ» አልኳት።

ልሄድ ስነሣ ጋቢውን አጣጥፋ ሰጠችኝ። መልሼ ትከሻዋ ላይ ጣልኩት።

«መገነዣዎስ?» አለችኝ ደንግጣ።

«የምቀበረው እዚሁ ነው። የጅቡቲ አፈር እንደሆነ ይሞቃል» ብያት ወጣሁ።