አራተኛው ወንበር

«ሻዩ ስኳር አነሰው እንዴ ኂሩትዬ? ጨምሪበት እንጂ… እኔ ዶክተሩ ከከለከለኝ ጀምሮ ቤት ያለው ስኳር ሁሉ የእንግዳ ሆኗል። ሊፍቱ ዛሬም አልሠራም አይደል? ካውንስሉ ጋ ደውዬ ሪፖርት ካደረግኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከኬኒንግተን እዚህ አርችዌይ ድረስ መጥተሽ፣ ደግሞ አምስት ፎቅ በእግርሽ… ጌታ ይባርክሽ። ሰው ከልቡ ካልወደደ ለማን ብሎ አምስት ፎቅ ይወጣል?»

ወይዘሮ አልታየሽ ነገር ስትጀምር እንዲህ ነው፤ ከስኳርና ከሊፍት ትነሳለች። ጠባይዋን የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ሲኒያቸውን ያስቀምጣሉ። ኂሩት ግን አልታየሽን የምታውቃት በቸርች የጸሎት ቡድን እንጂ በነገር ስላልሆነ፣ የሻይ መጉን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ አለች። የመጣችው አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ መድኃኒት ልትልክ ነው። የአልታየሽ ታላቅ እህት ወይዘሮ ጌጤነሽ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ለንደን ሦስት ወር ከረመች፣ የፊታችን እሑድ ትመለሳለች፤ እሑድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰው ዕቃ ሳይቀበል የሚሄድበት አገር የለም። ጌጤነሽ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሻንጣዋን ታስተካክላለች።

ሳሎን ውስጥ ሦስተኛ ሰውም ነበረ፤ የጌጤነሽ ልጅ። ስሙን አልታየሽ በዚያ ቀን አንድ ጊዜም አልጠራችውም፤ እሷ ያልጠራችውን እኛ ምን ቤት ነንና እንጠራለን? የእህቷ ልጅ እንበለውና እንለፈው። ዕድሜው አርባ አንድ ነው። በስምንት ዓመቱ ወደዚህ አገር አምጥታ ያሳደገችው ራሷ አልታየሽ ናት። የኮምፒውተር ሥራ አለው፣ ዊልስደን ቤት አለው፣ ሶፊያ የምትባል ደግ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ በዚህ ላይ ደግሞ ፓይለት ነው። የሥራ ፓይለት ሳይሆን የደስታ ፓይለት። የዛሬ ሁለት ዓመት ላይሰንሱን አወጣና ከሦስት ፈረንጆች ጋር ሼር ሆኖ አራት ወንበር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰማዩ ከጠራ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ከከተማ ወጣ ካለ ሜዳ ይነሳል፣ አንዱ የባሕር ዳርቻ ወርደው ምሳ ይበላሉ፣ ሳይመሽ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ፈረንሳይ ድረስ ሄደው ዳቦ በልተው መጥተዋል።

አሁን የእናቱን ሻንጣ መዝኖ ጨርሶ፣ ሶፋው ዳር ላይ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በእርሳስ የነገውን ጉዞ ኪሎ ያሰላል። ነገ ቅዳሜ አይል ኦፍ ዋይት ወደሚባለው ደሴት ሊበሩ ነው። ሶፊያ ሥራ ስላለባት አትሄድም። እሱ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እና አንድ ባዶ ወንበር። አልታየሽ ዛሬ አፏን የከፈተችው ለዚህች ወንበር ነው።

ታዲያ ለምን ፊት ለፊት አትነግረውም? ምላለቻ። ጌጤነሽ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ልጇ ቅዳሜ በሶፊያ ቦታ በአውሮፕላን ልውሰድሽ ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷም ጨዋ ሰው እንደሚለው፣ ኧረ እኔ አሮጊቷ ሰማይ ላይ ምን ልሠራ፣ እናንተ ተጫወቱ፣ አለችው። ይኼ መልስ አይደለም፤ የመልስ መጀመሪያ ነው። ከዚህ በኋላ «በሞቴ» ይመጣል፣ ከዚያ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ በሦስተኛው ላይ ሴትየዋ «እንግዲህ ካላችሁ» ብላ ከትናንት ጀምሮ ያዘጋጀችውን ነጠላ አንስታ ትከተላለች። ልጁ ግን «እሺ እማዬ» አለና ግንባሯን ስሞ ሄደ። ደግሞም አልጠየቃትም። ይኸው አሥራ አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ጠዋት እናቱን አርችዌይ እህቷ ቤት ያደርስና ሊበር ይሄዳል።

አልታየሽ ባለፈው ወር አላስችል ብሏት፣ እኔ እነግረዋለሁ፣ ብላ ነበር። ጌጤነሽ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻትና «እኔ እህትሽ ልሙት፣ ለሱ ትንፍሽ እንዳትይ። ለምኜ የምሳፈረው ታክሲ ነው እንዴ?» አለቻት። አልታየሽ ምላ ዝም አለች። ለኂሩት እንዳትነግር ግን ያስማላት ሰው የለም።

«እና ኂሩትዬ፣ ሴትየዋን አንቺ የምታውቂያት አይመስለኝም… አንዲት እናት አለች። ልጇ እንዴት ያለ ልጅ መሰለሽ። የሰማይ ስባሪ ያህላል። ድሮ ‹ላም አለኝ በሰማይ› ይባል ነበር፣ ወተቷንም አላይ… እሱ ተረት እንኳ አርጅቷል። ዘንድሮ ላሟ ወርዳ ልጁ ወጥቷል። ደግሞም ከላም ልጅ ይሻላል። ላም መቼ ፎቶ ይልካል? እሱ በየሳምንቱ ይልክላታል። ባሕሩን፣ ምሳውን፣ ደመናውን ሳይቀር። እናትየዋ ለንደን ቁጭ ብላ እንግሊዝን ሁሉ በስልክ ጎበኘችው እልሻለሁ። የእግር ድካም የለ፣ የመኪና ማዞር የለ… እንዲህ የሚያስብላት ልጅ ማን አለው?»

ኂሩት አንገቷን ነቀነቀች። የእህቷ ልጅ ከወረቀቱ ቀና አላለም። አልታየሽ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ የዚያን ልጅ ጥንቃቄ ታወራ ጀመር። ሳይመዝን እግሩን አያነሳም፣ ጃኬት ይመዝናል፣ ውኃ ይመዝናል፣ የልጆቹን ብስኩት ይመዝናል፣ እንደሱ ልቅም ያለ ሰው በዘመኗ አይታ አታውቅም። እናትየዋማ ሃምሳ አራት ኪሎ ናት አለች። ተወልዳ እስክታረጅ ለማንም ከብዳ አታውቅም፤ ምናልባት ሂትሮው ስትወርድ ከብዳ እንደሆነ እንጃ፣ የዚህ አገር ሚዛን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህን ብላ ወደ ሶፋው ዞር አለችና እንደ ዋዛ፣ ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፈው፣ ብላ ጠየቀችው። እሱም ደስ እያለው አስረዳት። ለልጆቹ አዲስ የጎማ ጀልባ ገዝቷል፤ ከነመንፊያው ዘጠኝ ኪሎ ነው፣ ኋላ ያለው የዕቃ ቦታ ስለማይበቃው አራተኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ በቀበቶ ያስረዋል። አልታየሽ እጅግ በጣም ጥሩ ሐሳብ መሆኑን ነግራው ወደ ኂሩት ተመለሰች።

«አየሽ ብልህነት? ጀልባ ጥሩ ነው። ጀልባ ሰው አያስቸግርም። ና ሲሉት ይመጣል… ይሉኝታ የለው፣ አንገት መድፋት የለው። ያቺ የምልሽ ሴት እንደ ጀልባ ብትሆን ኖሮ ይኼኔ ስንት አገር አይታ ነበር። ጥፋቱ የሷ ነው እኮ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ያንን ለዓመት በዓል የሚለበሰውን ቀሚስ ለብሳ እህቷ ቤት መስኮት ሥር ትቀመጣለች። አውሮፕላን ሲያልፍ እጇን አንስታ ትባርካለች። እህቷ ደግሞ ነገረኛ ነች፣ ‹እታለም፣ ይኼ እኮ ትልቁ ነው፣ ከህንድ የሚመጣው ነው› ትላታለች። ‹ምን ቸገረኝ› ትላለች ሴትየዋ፣ ‹ውስጡ የሰው ልጅ አይጠፋም።› ስንቱን ህንድ ባርካ ጨረሰች መሰለሽ ኂሩትዬ… የራሷ ልጅ ብቻ በዚያ በኩል አያልፍ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የእህቷ ልጅ እርሳሱን አቁሞ፣ ልቡ ተነክቶ፣ ታሪኩ እንዴት እንደሚያሳዝን ተናገረ። እውነቱን ነው ያለው፣ ዓይኑም ትንሽ ረጥቧል። ቀጥሎም ለምንድን ነው ታዲያ ልጅየው የማይጠይቃት፣ አለ። ኂሩት መጉን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች። የቤቱን ነገር ባታውቅም ሴት ናት፤ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበርና ሰው ተቀምጦበት የጎደጎደውን ትራስ ካየች ቆየች። አልታየሽም መልሱን የሰጠችው ለእሷ ነው።

«ጠይቋታል እንጂ፣ እንዴት አይጠይቃት? የተማረ ልጅ ነው። ሰኔ ላይ… አንድ ጊዜ። ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል› ይሉ የለ ያገራችን ሰዎች? አጉራሹ እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ እኮ ነው። እና ኂሩትዬ፣ አንቺ ሰው ቤት ገብተሽ ‹ብዪ› ሲሉሽ መጀመሪያ ምንድን ነው የምትዪው? ‹በልቻለሁ› አይደል? ራብ አንጀትሽን እያላወሰው ‹አሁን በልቼ መጣሁ› አይደል የምትዪው? ታዲያ ባለቤቶቹ አምነውሽ ገበታውን ቢያነሱት… ምን ይባላሉ? ጨዋ ይባላሉ። የሰው ቃል አክባሪ ይባላሉ።»

የእህቷ ልጅ ወረቀቱን አየ፣ የጓዳውን በር አየ፣ ከዚያ ታብሌቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ተነሳና ወደ እናቱ ገባ። አልታየሽ በሆዷ እልል አለች። መሐላዋን ሳታፈርስ ነገሩን አድርሳዋለች፤ እህቷ ነገ ያንን ባሕር ልታይ ነው፣ አዲስ አበባ ገብታ ጎረቤቶቿ ሲጠይቋት፣ ልጄ ራሱ እየነዳ አሳየኝ፣ ልትል ነው። በሐሳቧ ነጠላውንና የሚቋጠረውን ስንቅ እንኳ አዘጋጀች።

አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ተመልሶ ወጣ። ፊቱ ላይ ግዴታውን የተወጣ ሰው እርጋታ አለ። ለማንኛውም ብዬ እኔም እማዬን ደግሜ ጠየቅኳት፣ አለ፤ ሻንጣው አላለቀልኝም፣ እናንተ ሂዱ ልጄ፣ ተጫወቱ አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እርሳሱን አነሳና ዘጠኝ ኪሎውን ጻፈ።

አልታየሽ ከተቀመጠችበት በገርባባው በር በኩል ጓዳው ይታያታል። ጌጤነሽ ሻንጣውን ትታለች። አልጋው ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ሁለተኛውን ብሏታል፤ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱን ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ አልታየሽን የመታት ንዴት ብቻ አይደለም። ልጁ ለንደን በመጣ በመጀመሪያው ወር የትምህርት ቤት ጓደኛው ቤት ሄዶ፣ ብስኩት ቢሰጡት እናቱ እንዳስተማረችው «አልፈልግም» ብሎ፣ ማንም ሳይደግምለት ተርቦ እያለቀሰ ተመልሶ ነበር። እንባውን የጠረገችለት እሷ ናት። ልጄ፣ እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው፣ ስትፈልግ እሺ በል፣ ሰው እምቢ ካለህም እመነው፣ ያለችው እሷ ናት። የማታ ሽፍት ልትገባ ቸኩላ ስለነበር የእኛ ቤት ግን ሌላ ነው ማለቱን ረሳችው። ልጁ ያስተማረችውን አንድም ሳያጎድል ይዞ አደገ። አሁን ማንን ትቆጣለች? ራሷን መቆጣት ደግሞ ለወይዘሮ አልታየሽ የሚሆንላት ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ከስድቧ የሚከፋ ሴት ናት። ኂሩት ለመሄድ ካፖርቷን ስታነሳ እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ሳትመርቂ ወዴት ነው? ቁጭ በይ፣ ያንን የሴትየዋን ልጅ እንባርከውና ትሄጃለሽ። እኔ መቼም ጸልዬለት አልጠግብም… አንቺም አሜን በይ። ጌታ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ሰማዩ ይጥራለት፣ ነፋሱ ይለዝብለት። እንደወጣ አይቅር፣ በሰላም ይግባ። ልጆቹ ይደጉለት፤ ትሑት፣ ሰው የማያስጨንቁ፣ የተባሉትን የሚሰሙ… ቁርጥ እሱን ይምሰሉለት። እሱም ወግ ደርሶት ያርጅ። ጉልበቱ ሲደክም፣ ሰው ሰው ሲለው፣ እነሱ ደግሞ ሽር ብለው ሊሄዱ ሲሉ፣ ‹አባዬ፣ አብረኸን ትሄዳለህ?› ብለው በፍቅር ይጠይቁት… አንዴ። እሱም ‹እናንተ ሂዱ ልጆቼ› ሲላቸው፣ እንደ አባታቸው ቃሉን አክብረው፣ እሺ ብለው፣ ግንባሩን ስመውት ይሂዱ።»