ከፍሪዘር ስለወጣው የልዩ ስብስብ ክፍል መጽሐፍ

የምስክር ቃል

ቃል ሰጪ፦ የሟች ታናሽ ወንድም
ዕድሜ፦ 16
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ እናቱ ቤት
ቃሉ የተሰጠው፦ ዓርብ ጠዋት፣ እናቱ ባሉበት

ታላቅ እህቴ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ በልዩ ስብስብ ክፍል፣ የጥንት መጻሕፍት ጠጋኝ ነበረች። ባለፈው ወር በመኪና አደጋ ሞታለች። ከቀብሯ በኋላ ክፍሉ ቆጠራ ሲያደርግ አንድ በእጅ የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ታጣ። የወሰደችው እሷ ናት ተብሎም ለፖሊስ አመለከቱ። ይህን የሰማሁት ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው፤ እናቴ ታለቅስ ነበር። ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ጣቢያ መጥቼ በሐዘኑ የረሳነው መጽሐፍ እኛ ቤት ፍሪዘር ውስጥ እንዳለ ተናገርኩ።

እህቴ ያመጣችው ከመሞቷ ጥቂት ቀናት በፊት፣ በወፍራም ላስቲክ አሽጋ ነው። ብል ገብቶበት ነበር። እህቴ እንደነገረችን፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታሽጎ ለሳምንታት ሲበርድ ብሉ ይሞታል። የክፍሉ ፍሪዘር ተበላሽቶ አሠሩልኝ ብትልም ሰሚ አላገኘችም። እናቴ "ምነው ልጄ፣ መጽሐፍ ከሥጋ ጋር?" ስትላት፣ ወደ እኔ እያየች "ይሄ ሆዳም ሥጋ መስሎት እንዳይጠብሰው እንጂ ምንም አይሆንም" አለች።

ትናንት አመሻሽ ላይ መርማሪው ቤት መጥተው ላስቲኩን ሊቀድዱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። "ጋሼ፣ ቅዝቃዜው ሳይለቀው ከተከፈተ ገጹ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ቀለሙ ይፈሳል" አልኳቸው። "አንተ ልጅ፣ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?" ብለው ተቆጡ። እጃቸውን መያዜ ጥፋት እንደሆነ ተነግሮኛል። ያደረግኩት መጽሐፉ ተበላሽቶ እሱም በእህቴ እንዳይላከክ ነው። ለክፍሉ ኃላፊ ተደውሎ እሳቸውም አይከፈት ስላሉ፣ እንደታሸገ ጣቢያ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ራሳቸው ከፈቱት። ገጾቹ ደረቅ ናቸው። የሞተ ብል ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። "ለምን አልነገረችኝም?" አሉኝ።

"ብትነግርዎ ይፈቅዱላት ነበር?"

"ደንቡ አይፈቅድም" አሉና መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

እህቴ መጽሐፉን ያለ ፈቃድ ማውጣቷን አልክድም። በሕይወት ብትኖር ግን ትመልሰው ነበር።

ከላይ ያለው የማውቀው እውነት ነው፤ ማንም ተናገር ብሎ አላስገደደኝም። ቃሌ ከመዝገቡ ርዕስ ጋር ሲነበብልኝ ርዕሱ ላይ "የተሰረቀው መጽሐፍ" የሚል ስለሰማሁ እንዲታረም ጠይቄአለሁ። መርማሪው ሰርዘው "የታከመው መጽሐፍ" ብለው ጽፈዋል። ከእርማቱ ጎን እናቴም እኔም ፈርመናል።

የቃል ሰጪ ፊርማ ______
የእናት ፊርማ ______
የመርማሪ ፊርማ ______