ነካ የተባለው ወለል

መቶ ዐሥራ ስምንት ሜትር። ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የተሸከሙት ቁጥር ይህ ነው። ከከተማው ዳር ያለውና ሰው ሁሉ «ዝምተኛው» የሚለው፣ እስከ አፉ ውኃ የሞላ ዋሻ ጥልቀት ይህን ያህል ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል፤ ቁጥሩንም የተናገሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እኅታችን የኖራ ድንጋይ ከሚያቃጥሉት አባታቸውና ልብስ ከሚሰፉት እናታቸው፣ ከስድስት ልጆች አምስተኛ ሆነው ተወለዱ። የቤቱ ግድግዳም ደረጃም የኖራ ድንጋይ ነበር፤ ከጓሮው የሚወርደው ጅረትም ሜዳው መካከል ሲደርስ መሬት ውስጥ ገብቶ ይሰወር ነበር። እሳቸው ጅረቱ በሚሰወርበት አፍ ላይ ቁጭ ብለው ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቁ ስለሚውሉ፣ አባታቸው የዚች ልጅ ጥያቄ ከእቶኔ ይልቅ ድንጋይ ይፈጃል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ትምህርታቸውን በሥነ ምድር አጠናቀው በውኃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ዝምተኛውን የቦረቦረው ከላይ የወረደው ዝናብ ነው ይባል ነበር፤ ዝናብ ከአየርና ከአፈር ጋዝ ወስዶ በመጠኑ ስለሚኮመጥጥ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ እየበላ ይወርዳልና። እንዲህ ያለ ዋሻ ደግሞ ብዙ ጥልቀት አይኖረውም ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ፣ ዛሬ ይህን የሚያነቡት ነጋዴው ታላቅ ወንድማቸው ከሱቃቸው ሦስት መቶ ሜትር ገመድ ሰጧቸው። እሳቸውም በትንሽ ጀልባ ሆነው ጫፉ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት አስረው ለቀቁት፤ መቶ ዐሥራ ስምንት ላይ ገመዱ ሲረግብ «ነካ» አሉ። ቀሪው መቶ ሰማንያ ሁለት ሜትር ሳይርስ ወደ ሱቅ ስለተመለሰ፣ ወንድምየው ደረቁን ተረክቤያለሁ፣ እርጥቡን ለመንግሥት መርቄያለሁ እያሉ ቤተሰቡን ለዓመታት አሳቁ። እርሳሱን አንድ ክንድ ፈቀቅ አድርጎ እንደገና ለመጣል ያሰበ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የግድብ በሮችን ውኃ ውስጥ ገብተው የሚጠግኑትን ጠላቂ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ከወለሉ ድንጋይ ሊያመጡላቸው ወደ ዝምተኛው ሲወርዱ፣ ወለል የተባለው ከጠረጴዛ የማይሰፋ እርከን ሆኖ አገኙት፤ ከእርከኑ ጫፍ ወዲያ ጨለማ ብቻ ነበር። በጠርሙስ ያመጡት ውኃም ለብ ያለና ጋዝ የሚተነፍስ ነበር። እኅታችን ጠርሙሱን ይዘው ያን ቀን ሙሉ አልተቀመጡም። ዋሻው ከላይ ሳይሆን ከታች የተወለደ፣ ከምድር ሆድ በስንጥቅ ሽቅብ የሚወጣ ሙቅና ጋዝ ያዘለ ውኃ ድንጋዩን ከሥር እየበላ የከፈተው እንደሆነ ገባቸው። እንዲህ ከሆነም ጥልቀቱ የት እንደሚቆም የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ባለቤታቸው «ያቺን ‹ነካ› ያልሻትን ቃል እኔ አስተካክልልሻለሁ» አሉ። እኅታችን እውነተኛውን ቁጥር ፈልገውት ነበርና አልከለከሏቸውም። ባለቤታቸው በዚያ ቀን ወረዱ፤ አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም።

መሥሪያ ቤቱ ሌላ ልኬት እስኪመጣ ብሎ የቀድሞውን ቁጥር እንዳለ አቆየው። እኅታችንም እርሳሱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል በማለት ዳግመኛ ገመድ አልጣሉም። በመሥሪያ ቤታቸው ሌሎች ጉድጓዶችን ሁሉ ሲለኩ ኖረው፣ ስለ ዝምተኛው የጠየቃቸውን ሰው መስኮቱን እንዲዘጋላቸው ይለምኑት ነበር። ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለመሐንዲስነት አበቁ።

ሳንባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ፣ ልጃቸው ካሜራ የተገጠመለት ሰው አልባ መሣሪያ በኬብል አስራ ወደ ዝምተኛው አወረደች። መሣሪያው እርከኑን አልፎ አራት መቶ ስድሳ ሜትር ሲደርስ ኬብሉ አለቀ። ካሜራው ወለልም አላየ፣ አባቷንም አላየ። ይህን አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ ስትነግራቸው «ገመዱ አለቀ እንጂ ጉድጓዱ አላለቀም» አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በዚያው ሳምንትም አረፉ።

ሂሳቡ ሲታሰብ፣ ትርፉ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሜትርና ዋሻው ከታች መወለዱን የሚያጠናክር ማስረጃ ነው። ኪሳራው አንድ ባል፣ ደግሞም እኅታችን ባለቤታቸው እዚያ ላይ ተኝተዋል እያሉ ሲያስቡት የኖሩት ወለል ነው። ሁለቱን የሚያቻችል ሚዛን ወንድማቸው በሱቃቸውም በሕይወታቸውም አላገኙም።

እኅታችን አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የሚያነቡላችሁን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አሁን የሚያርፉበት ጉድጓድ ሁለት ሜትር ነው፤ ወለሉም ይታያል። ፈጣሪ የእሳቸውን ነፍስ፣ ወለል ካላገኙት ከባለቤታቸው ነፍስ ጋር አገናኝቶ ያሳርፍልን።