ስለ ፓክ ጊያርቶ የጻፍኩት ሪፖርት

ክብርት የክሊኒካችን ኃላፊ ዶክተር ላክስሚታ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ስለ ዝግጅቱ ከልብ አመሰግናለሁ። በስኳር ሕመም ክሊኒክ ውስጥ ለስንብት ኬክ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። ያዘዛችሁትን ሰዎች አውቃችኋለሁ፤ ግን አልናገርም። ስለ እኔ የተባለውንም ሁሉ ሰምቻለሁ። ስለ ሌላ ሴት የሚወራ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ ወደ በሩ አይቻለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ዛሬ ጡረታ ወጣሁ። ሁሉንም ላውራ ብል ምሳችሁ ይበርዳል። ስለ አንድ ቀን ብቻ ልናገር።

እሑድ ጠዋት ሰባተኛው የብስክሌት ጉዟችን ከከተማችን ከክላተን ወደ ሱራባያ ይነሳል። ስኳር ያለባቸው የገጠር ልጆች የኢንሱሊን መርፌያቸው እንዳይቋረጥ ሰው አራት ቀን ፔዳል ይመታል፣ ሌላው አይቶ ገንዘብ ይረዳል። በቅርብ የተቀጠራችሁት የመጀመሪያውን ጉዞ አላያችሁም። ያኔ ኃላፊዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። ከነጂዎቹ አንዱ ደግሞ አክብረን ፓክ የምንለው የካርድ ክፍሉ ጊያርቶ ነበር። አዎ፣ ያ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው። እሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር አለበት፤ በቀን አራት ጊዜ ይወጋል። ከአባቱ የወረሳት ጥቁር ብስክሌት ነበረችው፣ ከባድ፣ ማርሽ የሌላት።

"በዚህች ነው ሱራባያ የምትደርሰው?" ስለው፣ "አባቴ ትንባሆ ጭኖባት ደርሷል፤ እኔ የምጭነው ራሴን ብቻ ነው" አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ምን ገጠመን? ሻይ። መንደር በደረስን ቁጥር ሰው ብርጭቆ ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቀናል። የእኛን አገር ሻይ ታውቁታላችሁ፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቀረበለትን አልፈልግም ለማለትስ ማን ይደፍራል? አመሻሽ ላይ ስለካቸው የሁሉም ስኳር ጣሪያ ነክቷል። የእኔም ከፍ ብሏል፣ እኔ ደግሞ ስኳር የለብኝም።

ተናደድኩ። የነጂዎቹን ኪስ አስፈትሼ ከረሜላ ሁሉ ሰበሰብኩ። ወደፊት ላሉት መንደሮችም ደወልኩ። "አንዲት ፍሬ ስኳር እንዳላይ" አልኳቸው። ሰዎቹ ታዘዙኝ። ችግሩም እሱ ነበር።

በማግስቱ ንጋዊ የምትባለውን ከተማ አልፈን አንድ መንደር ለምሳ ቆምን። ምሳው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው። መርፌ ለሚወጉት ልኩ የተለየ ስለሆነ በየጥቅሉ ላይ ስማቸውን ራሴ ጽፌ ነበር። ፓክ ጊያርቶ መርፌውን ተወጋ። ጥቅሉን ሊፈታ ሲል አንድ የመንደሩ ሽማግሌ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ለእሳቸው የተዘጋጀ አልነበረም። ሽማግሌ ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው እሱ ሊበላ? እዚህ ያላችሁት ሁሉ ያንኑ ነበር የምታደርጉት። ሰጣቸው።

ዝርዝሬን ይዤ መጣሁ።

"በላህ?"

"በልቻለሁ ቡ" አለኝ፤ ታላቁ ስለሆንኩ አክብሮ ቡ ነው የሚለኝ።

ምልክት አደረግኩ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችን "በላህ?" ሲባል "አልበላሁም" ብሎ የሚያውቅ ማን ነው? እኔ ራሴ ሠርግ ተጠርቼ፣ በረሃብ እየተንቀጠቀጥኩ፣ "በልቼ ነው የመጣሁት" ብያለሁ።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር እንደሄድን ብስክሌቷ ከመንገድ ወጥታ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገባች። ስደርስ ልብሱ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ እኔን በእናቱ ስም ይጠራኛል። መርፌ ተወግቶ ስላልበላ ስኳሩ ወርዶ ነፍሱ ልትወጣ ነው። የመድኃኒት ሣጥኑ ቀድሞ በሄደው መኪና ላይ ነው። የሰበሰብኩት ከረሜላም እዚያው ነው። እኔ የነበርኩባት የኋላ መኪና ሾፌር ፓክ ቱጊማን መንገድ ዳር ወዳለች ሱቅ ሮጠ።

"እህቴ፣ ስኳር ስጪኝ፣ ቶሎ በይ።"

"ስኳር የለም። ነርሷ ከልክላለች።"

"የትኛዋ ነርስ?"

"ከክላተን ናት አሉ። ቁጡ ናት። ደውላ የመንደሩን ሹም እንኳ አስደንግጣዋለች።"

"እሷው ናት የላከችኝ። ሰው እየሞተ ነው።"

ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና ከሩዝ ጆንያው ሥር አንድ ቁራጭ የዘንባባ ስኳር አወጣች። "ለባሌ የደበቅኩት ነው። እንዳትነግራት አደራ" አለችው።

ጊያርቶ ገና መዋጥ አላቃተውም ነበርና በሙቅ ውኃ በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ራሱን አወቀ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ "ይቅርታ ቡ፣ አስቸገርኩዎት" የሚል ነበር።

በሳምንቱ ሪፖርት ጻፍኩ። "ተሳታፊው ሳይበላ በልቻለሁ በማለት የጤና ባለሙያዋን አሳስቷል፤ ወደፊት እንዳይሳተፍ" ይላል። ስለ ስልኩ አልጻፍኩም። ስለ ከረሜላውም አልጻፍኩም። ሌላም ያልጻፍኩት ነገር አለ፤ ዛሬ የቆምኩት ለእሱ ነው። ያን ምልክት ሳደርግ ሽማግሌውን አይቻቸው ነበር። ጥቅሉ እጃቸው ላይ ነው። የጊያርቶ ስም በእኔው የእጅ ጽሑፍ ይነበባል። አይቼ ነው የጠየቅኩት። "በልቻለሁ" ሲለኝ ቅልል አለኝ፤ ዘግይተን ስለነበር ሌላ ምሳ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረኝም።

ሪፖርቱን የት አስገባሁት? ካርድ ክፍል። ማን ተቀበለኝ? ራሱ። አነበበው፣ ማኅተም መታበት፣ "እሺ ቡ" ብሎ ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ የተጓዦቹን ዝርዝር አምስት ጊዜ በእጁ ጽፎ አምጥቶልኛል። የራሱ ስም የለበትም። አምስቱንም ጊዜ ፈርሜበታለሁ። አፍሬበታለሁ፣ ግን ፈርሜያለሁ።

ያኔ ያየሁትን ሁሉ የያዘ አዲስ ሪፖርት ዛሬ ጠዋት ለዶክተር ላክስሚታ ሰጠሁ። እገዳው ተነስቷል። ወዲያው ካርድ ክፍል ሄጄ፣ "እሑድ ትነዳለህ" አልኩት።

"ብስክሌቷን ሸጥኳት እኮ ቡ። ሁለት ዓመት ሆናት" አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ የጠፋ ፋይል ሲጠየቅ የሚመልሰው በዚሁ ድምፅ ነው።

ሌላ ብስክሌት እንፈልጋለን አልኩት። "እሺ" አለ። ፊቱን አየሁት፤ እሺ የሚል ፊት አልነበረም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያልሠራሁት ሥራ እሱ ነው።

ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ "አልፈልግም ቡ" አለኝ። "በጣም ነው ያዘንኩብዎት።"

በአገራችን እንዲህ ያለ ቃል ከታናሽ ወደ ታላቅ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም። "ልክ ነህ" አልኩት። ይህን በፊታችሁ እንድናገር ፈቅዶልኛል። መፍቀዱንም ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። እሑድ ለምትነሱት መንገዱ ይቅናችሁ፣ ዝናቡም ይለፋችሁ። ልጆቹን መርፌ አያሳጣቸው። ዶክተር ላክስሚታ፣ ይህን ቤት ፈጣሪ በእጅዎ ያስፋው። ለሁላችሁም ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። ያዘነባችሁን ሰው ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙበት ልብም ይስጣችሁ፤ እንደ እኔ ጡረታችሁን አትጠብቁ።

ፓክ ጊያርቶ፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አሁን ግን አትመልስልኝ። ሰው ሁሉ እያየህ ስለሆነ እሺ ትላለህ።