የትኛው ጼ?

ሄሎ… ሄሎ፣ ሰልማን? ወዐለይኩም ሰላም! ዓለም ገና ነኝ፣ ቤት። መንገዱ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው… ቡራዩስ? ደህና ናችሁ?… አልሐምዱሊላህ።

ስማ፣ ያ ስክሪፕትህ ጉድ ሠራኝ… ሮጧል፣ ሮጧል! ሁለት ሺህ ሦስት መቶ የዎርድ ፋይል በደቂቃ ፈትሾ ጨረሰ፤ እኔ አንድ በአንድ ብከፍት ረመዳን ይገባብኝ ነበር። ግን ዜሮ አለኝ… ዜሮ!

ለኦቦ ገርባ ነው፣ ለአከራዬ። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል — ወንድሜ ነው ኦቦ ገርባ፣ ስክሪፕቱን የሠራው — ከጎረቤታቸው ከኦቦ ኢተፋ ጋር የተዋዋሉትን የድንበር ውል ያኔ የጽሕፈት ሱቅ እያለኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ጠፋባቸው። በዚህ በማስተር ፕላን ወሬ ሁሉም ድንበሩን ማጠር ጀምሯል፤ እሳቸውም ነገ ሽማግሌ ፊት «ድንበሩ ላይ ያለው ዝግባ የኔ ነው» ብለው ሊምሉ ነው… አዎ፣ መሐላ! ቀልድ መሰለህ?

በምን ፈለግሽ?… በምስክሩ ስም ነዋ፣ መልከጼዴቅ። በዚህ አገር ስንት መልከጼዴቅ አለ?

የትኛው ጼ?… ጼ ነዋ፣ የጸሎቱ ጸ… ውይ! ውይ ሰልማን! ያኔ በፀሐዩ ፀ ጽፌው ይሆናላ!… ማን ይሆናል? እኔው ነኛ! አትሳቅ!

በምን ትልክልኛለህ? ኢንተርኔት የለም እኮ። በቃልህ ንገረኝ… ቆይ… «ፎር» ከሚለው በታች… አራት ቦታ ገባ አድርጌ… ሪፕሌስ… ፄን በጼ… አሃ፣ ከማወዳደሩ በፊት አንድ ያደርጋቸዋል! ዝጊ?… ስልኩን ነው ቅንፉን?… ቅንፉን! እሺ። አስነሳሁት።

— ቁጭ በሉ አባቴ፣ ትንሽ ነው —

ትሰማኛለህ?… አንድ! አንድ ፋይል! — ኦቦ ገርባ፣ አርገኔ! ተገኘ! —

ቆይ፣ ላንብብላቸው… «ወሰኑ ከጅረቱ እስከ ዝግባው ሲሆን… ዝግባው የአቶ ኢተፋ ነው»…

አለሁ፣ አለሁ… የኢተፋ ነው ይላል። ስምንት ዓመት ሲሆነው ተሳስተው ነዋ፣ ምስኪን።

አይ፣ አልተቆጡም! እየሳቁ ነው፣ ወላሂ። ደረታቸውን ይዘው «እንኳን ሳልምል! እንኳን ሳልምል!» ይላሉ… ተነሡ… — ወዴት ነው አባቴ? — ኦቦ ኢተፋ ጋ ነው አሉ፣ አሁኑኑ። — ቆዩ፣ ውሉን በወረቀት ላትምልዎት! —

ሰልማን… ወረቀት አያስፈልግም፣ ራሴ እነግረዋለሁ ብለው ወጡ። ልዝጋው በቃ፣ በሩን ክፍት ትተውት ሄደዋል።