እማማ ዘይነባ ያላሉት

ጭሮ ስንማር ሦስት ጓደኛሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ ቪዲዮ ልንሠራ ተቀጠርንላችሁ። ደንበኛችን ከአዲስ አበባ የመጣ የምርጥ ዘር ነጋዴ ነው፤ የፈለገው ገበሬዎች የእሱን የማሽላ ዘር ሲያመሰግኑ ማሳየት ነው። መሰላ የሚባል ቦታ አጠገብ እማማ ዘይነባ የሚባሉ አሮጊት ማሳ ዳር ካሜራችንን ተከልን። ሰውየው አፋን ኦሮሞ አይሰማም፤ ጠያቂውም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ። ዝናቡ እንዳይመጣ፣ ባትሪው እንዳያልቅ እያልኩ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል።

«ዘሩ እንዴት ነበር?» ብዬ በቋንቋቸው ስጠይቃቸው «ሂን ቢቂሌ» አሉ። አልበቀለም ማለታቸው ነው። ሁለቴ ዘርተው እምቢ ሲላቸው ከጎረቤት ለምነው እንደዘሩ ነገሩኝ። ነጋዴው ከኋላዬ «ምን አሉ?» አለኝ። ጓደኞቼን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። «በጣም ተደስቻለሁ ነው የሚሉት» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እማማ ዘይነባ ቀና ብለው በአማርኛ «ልጄ፣ እኔ እንደዚያ ብያለሁ?» አሉኝ። አማርኛ እንደሚችሉ በምን አውቄ! «አላሉም እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩና ያሉትን ሳልቀንስ ለነጋዴው ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «በቃ፣ አጥፉት!» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሥራችንም እዚያው ቀረ። ካሜራውን ልንነቅል ስንል እማማ «ቆዩ እንጂ፣ መቼ ጨረስኩ!» አሉን። መልሰን ከፈትነው።